የዘጠኝ ሰዓት እቁብ

ለማረፍ ስሮጥ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ታሪኩን ከዚህ ብጀምር ይሻላል፤ ዕረፍታችንን የሚለካው ቢሮ ባወጣው ዘገባ ውስጥ ጉልበቴ አልተጠቀሰም።

ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በዘጠኝ ሰዓት የአራብሳ ሠራተኛ እናቶች ሁሉ ያርፋሉ። አምባራችን ክንዳችን ላይ ይነዝራል፣ ያቺ ማር የተቀባች ድምፅ «ውድ እናት፣ አሁን ጊዜው የእርስዎ ነው» ትላለች፣ እኛም ከየወንበራችን ተነስተን በኮሪደሩ ጫፍ ወዳሉት የጽሞና ክፍሎች እንሮጣለን። ክፍሎቹ ቁም ሣጥን ያህላሉ። ግድግዳቸው ሣር ለብሷል፤ ከጣሪያቸው የወንዝ ድምፅ ይወርዳል። ቁጥራቸው ከእኛ ስለሚያንስ ቀድማ የደረሰች ታርፋለች፤ የዘገየች ትሰለፋለች፤ የተሰለፈች ልቧ ይመታል፤ ልቧ የመታ አምባሯ ይቀላል። ያን ቀን የጎረቤቴን የሀናንን ቦታ ልቀድም ስል ነው የተደፋሁት።

«ተረጋጊ እንጂ ኤልዳና» አለችኝ ሀናን በላዬ ተራምዳ ስታልፍ።

ሥራዬ መኪና መጠበቅ ነው። ከጅቡቲ ሞጆ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ሾፌር የላቸውም፤ ያለሁላቸው እኔ ነኝ። የሥራው ፎቅ ከመኖሪያችን በታች ስለሆነ በነጠላ ጫማ ወርጄ ወንበሬ ላይ እቀመጥና የአፋርን በረሃ አያለሁ። ግመል አስፋልት ላይ ሲተኛ መኪናው ይቆምና ይጠራኛል። ጥሩንባ እነፋለሁ። ግመሉ ያየኛል፤ አይነሳም። አንዳንድ ቀን እቀናበት ነበር። አረንጓዴ ሁን ያላለው ማንም የለም።

የዕረፍት ድንጋጌው የወጣው ለእኛው ጥቅም ነው፤ ይህን አልክድም። እናቶች በየወንበራቸው መውደቅ ሲጀምሩ፣ እናት ለራሷ ጊዜ ታግኝ ተባለ። ተባለና ታዘዘ፣ ታዘዘና ተለካ። ሥራው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ልብሱም፣ ወጡም፣ የልጅ ጥናቱም እንዳለ ነው፤ በላዩ ላይ ዕረፍት ተጨመረበት። በደንብ ያረፈች አምባሯ አረንጓዴ ይሆናል። ያላረፈች ይቀላል። ወሩን በቀይ የጨረሰች ትመከራለች፤ ብትደግም ቤቷ ድረስ ትጎበኛለች፤ ብትሠልስ ለአንድ ክረምት ሐይቅ ዳር ወዳለው ማረፊያ ትወሰዳለች። ማረፊያው ያማረ ነው ይላሉ። ልጆች አይኖሩበትም።

እኔ ሁለቱን ወር በቀይ ጨርሼ ሦስተኛው ውስጥ ነበርኩ። ባለቤቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስለሚሠራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ልጃችን ትርንጎ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን የአሻንጉሊቷ ክንድ ላይ ቀይ ክር አስራ አየኋት። «ውድ እናት፣ ለምን አላረፉም?» ትላታለች በዚያች ድምፅ። አሻንጉሊቷ ዝም ስትላት ወስዳ ከአልጋው ሥር ከተተቻት። «ወዴት ወሰድሻት?» ብላት «ሐይቅ» አለችኝ። ያን ዕለት ነው የፈራሁት።

ስለ ማንጎራጎሩም መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ በኋላ ያደረግነው ሁሉ እብደት ይመስላል። ከዓመታት በፊት አንዲት የአዳማ ሴት፣ የዋህ ናት አልፈርድባትም፣ ቢሮው «ምን ያሳርፍሻል?» ቢላት «ሳህን ሳጥብ ማንጎራጎር» ብላ መለሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ጀምሮ በየከተማው ያለን ሠራተኛ እናቶች ማታ ማታ ሳህን ማጠቢያው ላይ ቆመን እናንጎራጉራለን። ያላንጎራጎረች ትቀላለች። ሳህን የሚያጥብ ማሽን ያላቸው ሴቶች እንኳ ባዶ ገንዳ ፊት ቆመው ያንጎራጉራሉ። በበጋ መስኮት ሲከፈት ሕንፃው በሙሉ ሆድ የባሰው ሰው ይመስላል። እኔ ድሮ ማንጎራጎር እወድ ነበር። አሁን ሬዲዮ ሲዘፍን እንኳ ትከሻዬን ይጨመድደኛል።

እንግዲህ ጉልበቴ በተላጠ ማግስት ትርንጎን ጸጉሯን ሳጥብ አምባሬን አውልቄ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ለገላ መታጠቢያ ያህል ይፈቀዳል። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ፣ እማማ ቤዛዊት፣ እንዳይሰበር ብለው አነሱትና ክንዳቸው ላይ አጠለቁት። የዘመኑ ፋሽን የጥንቱን ስም መመለስ ስለሆነ ትርንጎ የምትባለው ልጅ ናት፤ ቤዛዊት አያትየው ናቸው። ሰማንያ ደፍነዋል። ስልክ በእጅ ይያዝ በነበረበት ዘመን ነው ያደጉት፤ አውራ ጣታቸው እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ፎጣ ፍለጋ ስወጣ አምባሬ ክንዳቸው ላይ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ አየሁት።

«እማማ፣ እንዴት አድርገው ነው?»

«ምኑን?»

«አረንጓዴ ያደረጉትን።»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ። «መስኮቱን እያየሁ ነበር።»

በዚህ መሀል ሀናን ተራምዳኝ ስላለፈች ይቅርታ ልትለኝ ለጉልበቴ ቅባት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ አምባሩን፣ ቀጥሎ እማማን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ሀናን የመርካቶ ልጅ ናት፤ እናቷ የእቁብ ዳኛ ነበሩ። ነገር ለማየት ጊዜ አይፈጅባትም። የራሷን አምባር ፈታ ሰጠቻቸው። አጠለቁት። እሱም አረንጓዴ ሆነ።

«ስንት ይችላሉ እማማ?» አለቻቸው።

«ክንዴ እስኪሞላ» አሉ።

እቁቡ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሰባት ሆንን፤ ሁላችንም የአንድ ሕንፃ ሴቶች፣ ሁላችንም እናቶች። የምንጥለው ገንዘብ አይደለም፤ የዘጠኝ ሰዓት ዕረፍታችንን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲነዝር አምባራችንን እማማ ክንድ ላይ እንደረድራለን። እሳቸው መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ለሰባት ሰው ያርፋሉ። እኛ ደግሞ በዚያች ጊዜ ተረባርበን የሳምንቱ እጣ የወጣላትን ሴት ሥራ እንሠራለን፤ አንዷ ልብሷን፣ አንዷ ወጧን፣ አንዷ የልጇን ጥናት። ዓርብ ሲደርስ የቀራት ነገር አይኖርም። መኪና ጠባቂ ከሆነች መኪናዎቿን በየወንበራችን እንከፋፈልላታለን። ዓርብ ከምሳ እስከ ማታ ጊዜው የእሷ ነው፤ አምባሯ እማማ ጋ ይውላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለች ሀናን፣ የእማማን ክንድ እያየች። የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነበር። ለሰባታችን ሸክም የሆነው ለእሳቸው ጌጥ ሆነላቸው፤ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን እያዟዟሩ «ሙሽራ መሰልኩ» ይሉ ነበር።

ዳኛዋ ሀናን ናት። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። «እቁብተኛ ብሩን ምን አደረግሽበት ተብሎ አይጠየቅም» አለችን። «ጊዜም እንደዚያው ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅ፤ ማንም አይናገር።» ሕጉን ጠብቀናል። ሲፈን የምትባለው ነርስ እጣዋ በደረሰ ዕለት ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ማንጎ ስትበላ መዋሏን ያወቅነው አገጯ ላይ ክሩ ተጣብቆ ስላየን ነው እንጂ እሷ አልተነፈሰችም። ለልጆቿ ሳትልጥ፣ ለባሏ ሳታካፍል፣ ማንጎ በላች። ያን ሳምንት ሲፈንን ያያት ሰው ከጠበል የተመለሰች ይመስለው ነበር።

የመጀመሪያው እጣ የወጣው ለሀናን ነበር። እሷም ወረቀቷን እንደያዘች «ለኤልዳና ለቅቄአለሁ» አለች። አምባሬ በእማማ ክንድ ድኗል፤ እኔ ግን ገና አልዳንኩም ነበር። በዋዜማው በጫማ ማሰሪያ የተነሳ በትርንጎ ላይ የጮህኩት ጩኸት ሦስት ፎቅ ወርዶ ተሰምቷል። ልጄ ጫማዋን ታቅፋ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ሀናን ይህን ሰምታለች፤ አልጠቀሰችውም።

«አንቺስ?» አልኳት።

«አንድ ቀን ትመልሽልኛለሽ።»

ያን ዓርብ ያደረግሁትን እዚህ አልጽፍም። ማታ ስገባ ትርንጎ አየችኝና «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምን ሆንኩ?» «ፊትሽ መጣ» አለች። ይህን ያህል ይበቃችኋል።

ወራት እንዲህ አለፉ። ሰባታችንም አረንጓዴ ሆንን። ወንበሬ ላይ ሳለሁ መኪናዎቹ ሲጠሩኝ አልበረግግም፤ ግመሉ እስኪነሳ እጠብቃለሁ። እቁቡ ሲጀመር ነፍሰ ጡር የነበረችው ሀናን ከወለደች በኋላ ሕፃኗን ይዛ ወደ እቁቡ ስትመለስ ሥራዋን እንደ ጨዋታ ነበር የምንሠራላት።

ያፈረሰን ለቅሶ ነው።

ከበላያችን ይኖሩ የነበሩት እማማ ሜላት ታመው ነበር። የእማማ ቤዛዊት የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ያረፉት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልክ ሰባቱ አምባሮች መስኮቱ ሥር በተሰበሰቡበት ሰዓት። እኛ ሲፈን ቤት ልብስ እያጠፍን ነበር። እሪታው ከላይ ሲሰማ እማማ ቤዛዊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። የዛሬን ድንኳን የሚተክለው ማሽን ነው፤ የሚያለቅሰው ግን አሁንም ሰው ነው። ግቢው መሀል ቆመው «ሜልዬ! ሜልዬ!» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ አምባሮቹ እስከ ክርናቸው ይንሿሿሉ።

ቢሮው በዚያች ቅጽበት ያየው ይህን ነው፤ ሰባት የአራብሳ እናቶች በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ የልብ ምት፣ በአንድ ሰዓት ልባቸው ተሰበረ። ሕንፃው የተደረመሰ መስሏቸው የአደጋ መኪና ላኩ። የመጡት ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ያገኙት አንዲት አሮጊት ነው፤ ሁለት ክንዷ ቀይ ብርሃን የሚያበራ።

ማታ እማማን «ምናለ አውልቀውት ቢወጡ?» አልኳቸው። ተቆጥቼ አልነበረም፤ ደንግጬ ነው።

«ሜላት ሞታ?» አሉኝ። «ሜላት ሞታ አምባር ስፈታ ልቆይ?»



በማግስቱ ከቢሮው አማካሪ ሔርሜላ የምትባል ሴት መጣች። ረጅም እጅጌ ለብሳለች፤ ድምፅዋ የአምባሩን ድምፅ ይመስላል። ትጮሃለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ሶፋችን ላይ ተቀምጣ ፈገግ አለች።

«እህት ኤልዳና፣ ልወቅስዎ አልመጣሁም። ወደ ኋላ ሄደን አየን። ዓርብ ዓርብ የአንዳችሁ አምባር እኚህ እናት ላይ ነበር። ነገር ግን የሚደንቀው ሌላ ነው። የሰባታችሁም ሥራ ተሻሽሏል። የልጆቻችሁ እንቅልፍ ተሻሽሏል። እኛ በዚህ ሁሉ ዓመት ያላገኘነውን እናንተ አገኛችሁ። ዓርብ ምን ነበር የምታደርጉት?»

«ምንም» አልኳት።

«ምንም የሚባል ነገር የለም።»

«እርስዎ ዘንድ የለም።»

እንደገና ፈገግ አለች። «ብትነግሩን ለሁሉም እናት እናደርሰዋለን። በስማችሁ ይጠራል፤ የአራብሳ ስልት ይባላል። በዚያው ያጠፋችሁት ይሰረዛል።»

«ባንነግራችሁስ?»

«እንግዲያው የቀረው ማታለሉ ብቻ ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልጠነከረም። «ያስተባበረችው አንዷ ክረምቱን ማረፊያ ትቆያለች። ስሟን ሰኞ ትሰጡናላችሁ። ስድስቱን አንነካም።»

ትርንጎ ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማ ነበር። አሻንጉሊቷን አጥብቃ ይዛለች።

ቅዳሜ ሰባታችንም ጣሪያው ላይ፣ የውሃ ታንከሮቹ መካከል ተሰበሰብን። ነፋስ ነበር። ልጆቹ ወዲያ ማዶ ይሯሯጣሉ። መጀመሪያ የተናገረችው ሲፈን ናት።

«እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ማንጎ በላሁ ብል ምን አለበት? ለአንድ ማንጎ ሰው ከልጁ ይለያል እንዴ?»

«ማንጎ በላሁ በያቸው» አለች ሀናን ሕፃኗን ጡት እያጠባች። «ከመጪው ወር ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ዕቃ ቤት ገብተሽ በር ዘግተሽ ማንጎ ትበያለሽ። ባትጨርሺው ትቀያለሽ።»

ሲፈን አገጯን በእጇ ጠረገች። ማንጎ የነበረበትን ቦታ ነበር የጠረገችው፤ ሳታውቀው።

«እንዋሽ» አለች ሌላዋ። «ሁላችንም ተኛን እንበል።»

«እንቅልፍ ነው የቀረን» አልኩ። «እሱንም ልንሰጣቸው ነው? ማንጎራጎሩን ሰጠናቸው። አሁን በትእዛዝ ልንተኛላቸው ነው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ተናድጄ ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር። ለብዙ ዓመት የተናደድኩት በራሴ ብቻ ነበር፤ አልበቃሁም፣ አላረፍኩም፣ አልተረጋጋሁም እያልኩ። ያን ቀን ንዴቴ ትክክለኛ አድራሻውን አገኘ።

አንዲትም «እንንገር» ያለች አልነበረም። የቀረው ማን ትሂድ የሚለው ነው። ሀናን «ዳኛ እኔ ነኝ» አለች። ሌሎቹ አይሆንም አሉ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሲፈን «እቁብ አይደለን? በእጣ ነዋ» አለች።

በእጣ ሆነ። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ ኩባያ ውስጥ ጨመርን። እጣ የሚያወጣው ሁልጊዜ ልጅ ነው፤ ልጅ አያዳላም። ትርንጎን ጠራናት። ምን እንደምታወጣ አልነገርናትም። እጇን ከትታ አንዱን ይዛ ወጣች፣ ፈታችው፣ ፊደል ማንበብ ስለጀመረች ኮራ ብላ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሀ-ና-ን።»

ሕፃኑ ጡቱን ለቆ ቀና አለ። ከስድስቱ ሴት ትንፋሽ የወጣው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም ከመካከሉ ነበር። ልጄ በገዛ እጇ አድናኛለች። ተቀብዬ ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ለአፍታም ልቀበል ብዬ ነበር። ከዚያ ጫማዋን ታቅፋ ጥግ የቆመችው ትርንጎ ትዝ አለችኝ፤ ወረቀቱን ለእኔ የዘረጋው የሀናን እጅም።

«ልቀቂልኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«እጣሽን። አበድረሽኝ ነበር።»

«ያ ዕረፍት ነበር እኮ፤ ይኼ እስራት ነው።»

«እነሱ ማረፊያ ነው ያሉት» አልኩ። «ልሂድና ልረፍላቸው። አንቺ ገና አራስ ነሽ። ትርንጎን አደራ።»

ሀናን ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። አምባሯ ቀልቶ ነበር። ሁላችንም ቀልተን ነበር።

እማማ ቤዛዊት ጉዳዩን ሲሰሙ ቢሮው ድረስ ራሳቸው ሄደው «ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ውሰዱኝ» ብለው ነበር። ሠራተኛ እናት ስላልሆኑ አይመለከትዎትም ተባሉ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ ነበር?» ብለው እዚያው በር ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ጠየቁ።

በምሄድበት ጠዋት የትርንጎን ጫማ እያሰርኩላት ሳለ «እማ» አለችኝ፣ «ያን ቀን፣ ፊትሽ የመጣ ቀን፣ ምን አድርገሽ ነበር?»

ማንም ማንንም አይጠይቅ ብለን ነበር። ልጄ ግን እቁብተኛ አይደለችም። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ ነገርኳት።

ትንሽ አሰበችና «ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለማንም እንዳትነግሪ አላልኳትም። በእሷ ላይ ሌላ ትእዛዝ መጫን አስጠላኝ።

አማካሪ ሔርሜላ መኪናው በር ድረስ ሸኘችኝ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ማንም የለም፤ እንደ እኔ ያለች አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ተቀምጣ እየጠበቀችው ይሆናል። ሔርሜላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለቢሮው አይደለም» አለችኝ፤ «ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።» እጅጌዋ ሰብሰብ ሲል አምባሯን አየሁት። እንደ በርበሬ ቀልቷል። ልቤ ሊራራ ነበር።

«እቁብ ግቢ» አልኳት። «የራስሽን ታገኛለሽ። ዋስ ካጣሽ እኔ አለሁ።»

እጅጌዋን መልሳ ሳበችው።

ይህን የምጽፈው ከማረፊያው ነው። እውነትም ያማረ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁን እንድናይ ወንበር ይደረደራል፤ ዓይኗን ከሐይቁ የነቀለች ትመከራለች። እራት ላይ ለሦስት ነገር እናመሰግናለን፤ አራተኛ ማመስገን አይፈቀድም። ከየከተማው የመጣን ሴቶች ነን። በትርፍ ጊዜያችን ስለ ልጆቻችን ጥርስ እናወራለን፤ ማን ጣለ፣ ማን አበቀለ። አንዳንድ ቀን ትርንጎ በጣም ትናፍቀኛለች፤ እንዲህ በቀላሉ የሚጻፍ አይደለም። ይሁን እንጂ አልተጸጸትኩም። ደግሞም ልብስ አጣቢዋ እትዬ ሳሮን አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ያወለቅሁትን አምባሬን ብታጠልቀው አረንጓዴ ሆነ። እቁብ ጀምረናል። ዳኛዋ እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ መጠየቅ ተፈቀደና እማማ ቤዛዊት መጡ። ትርንጎ ሀናን ቤት እንደምታድር፣ ሲፈን ጸጉሯን እንደምትሠራት፣ በዘጠኝ ሰዓት ስድስቱም ተራ ይዘው እንደሚያስጠኗት ነገሩኝ። የአራብሳዎቹ አምባሮች ክንዳቸው ላይ ተቆልፈዋል፤ አሁን በቢሮው ቁልፍ ካልሆነ አይወልቁም። ስድስቱም ቀልተዋል፤ ስድስቱም ተመክረዋል፤ ስድስቱም «ምንም» ከማለት አልፈው አልተናገሩም። ስድስቱን በአንድ ጊዜ እዚህ ቢያመጧቸው መኪናዎቹን የሚጠብቅ፣ በሽተኛውን የሚያነሳ ስለማይኖር ቢሮው ግራ ገብቶታል።

«ያቺ ማር አፏ አማካሪ ደግሞ መጥታ ነበር» አሉ እማማ ሲያበቁ። «ትርንጎን ልታነጋግር።»

«ምን አለቻት?»

«ምን ትላለች፣ አጎንብሳ ነው የለመነቻት። ‹እማዬ ያን ቀን ምን እንዳደረገች ነግራሻለች አይደል?› አለቻት። ልጅቱ ‹አዎ› አለች። እኔም አለቀልን ብዬ ነበር። ‹እንግዲያው ንገሪኝ፤ ብትነግሪኝ ነገ ትመጣልሻለች› አለቻት።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሐይቁ ላይ አንድ ወፍ ነበር፤ እሱን አዩ።

«ትርንጎ ምን አለች?» አልኩ።

«እንባዋ መጣ። ከዚያ አሻንጉሊቷን አነሳችና ክንዷ ላይ ያሰረችውን ያን ቀይ ክር ፈታችው፤ ፈትታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ‹አልነግርሽም› አለቻት። ‹እሱ የእማዬ ነው።›»